የአልፕስ ተራራ ማረፊያ ቤቶች፦ ለመብላት፣ ለማረፍና ለማደር እንዴት ይኬዳል?

ሙኒክ፣ ኢንስብሩክ ወይም ዙሪክ የሚኖር ሀበሻ ሁሉ አልፕስን በሩቁ ያውቀዋል። ሰማዩ ሲጠራ ከከተማው ይታያል። ወጥቶ ያየው ግን ጥቂት ነው። ለምን ብላችሁ ስትጠይቁ «የፈረንጅ ነገር ነው፣ ውድ ነው፣ ደግሞስ የት ይታደራል?» ይሏችኋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ተራራው ላይ ለማንም ክፍት የሆኑ ቤቶች አሉ። ትኩስ ሾርባና አልጋ አላቸው፣ ዝናብ የመታውን ሰው ያስጠጋሉ። የራሳቸው ሥርዓት ስላላቸው እሱን ቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህን የምጽፈው በተለይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትወጡ ነው። ምሳሌዎቼ ከባቫሪያና ከኦስትሪያዋ ቲሮል ናቸው።

መጀመሪያ የቤቱን ዓይነት ለዩ

ቤቶቹ በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው አልም ይባላል። የበጋ ግጦሽ ላይ ያለ የከብት አርቢ ቤት ነው። ከብቶቹ ጁን አካባቢ ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ሴፕቴምበር ላይ ወደ ሸለቆው ይወርዳሉ። በዚህ መሀል ባለቤቶቹ እዚያው ያልባሉ፣ አይብ ይሠራሉ፣ ለመንገደኛ ምግብ ያቀርባሉ። ብዙዎቹ አያሳድሩም። ቀን ወጥታችሁ፣ በልታችሁ፣ አሬራ ጠጥታችሁ ትወርዳላችሁ።

ሁለተኛው የተራራ ክለቦች ማረፊያ ነው። ሰዉ ሂተ ይለዋል። ይሄኛው ያሳድራል። የኦስትሪያው ክለብ በ1862፣ የስዊዘርላንዱ በ1863፣ የጀርመኑ ደግሞ በ1869 ሙኒክ ላይ ተመሠረቱ። ከጀርመኑ ክለብ መሥራቾች አንዱ ፍራንትስ ዘን የሚባል ቄስ ነው። ፌንት በምትባል የቲሮል ተራራማ መንደር ያገለግል ነበር። ምእመናኑ ድሆች ነበሩ። መንገድና ማደሪያ ከተሠራ እንግዳ ይመጣል፣ ከእንግዳው ደግሞ መንደሩ ይጠቀማል ብሎ አሰበ። ዛሬ በየሸንተረሩ የምናያቸው ብዙ ቤቶች ከእንዲህ ዓይነት ሐሳብ የመጡ ናቸው።

አንድ ነገር ከአሁኑ ያዙልኝ። ወደ ብዙዎቹ ቤቶች መኪና አይደርስም። ዱቄቱ፣ ድንቹ፣ ጋዙ በዕቃ ማመላለሻ ገመድ ወይም በሄሊኮፕተር ነው የሚወጣው። ውሃው ከምንጭ ወይም ከበረዶ ቅላጭ ይጠራቀማል። ዋጋው ለምን ከከተማው እንደሚበልጥ፣ ሻወር ለምን በደቂቃ እንደሚሸጥ፣ ቆሻሻችሁን ለምን ይዛችሁ እንድትወርዱ እንደሚጠየቅ የሚገባችሁ ይሄን ስታውቁ ነው።

ደረጃ 1፦ ቀላል ቤትና ትክክለኛ ወቅት ምረጡ

አብዛኞቹ ከፍ ያሉ ቤቶች የሚከፈቱት ከጁን አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ወይም ኦክቶበር መጀመሪያ ነው። ጁን ላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ገና በረዶ ሊኖር ይችላል። ለጀማሪ ሴፕቴምበር ግሩም ወር ነው። ሙቀቱ ይበርዳል፣ የከሰዓቱ ነጎድጓድ ይቀንሳል፣ የልጆች ዕረፍት ስለሚያልቅም ሰው ይሳሳል። ከተቻለ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ባለው ቀን ሂዱ።

ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ የምመርጥላችሁ ፎርደርካይዘርፈልደን የሚባለውን ማረፊያ ነው። 1,388 ሜትር ላይ ነው። ከሙኒክ ኩፍሽታይን ከተማ ድረስ በክልል ባቡር አንድ ሰዓት ከምናምን ይፈጃል። በዶይችላንድ ቲኬት (በወር በሚከፈለው የጀርመን የክልል ባቡርና አውቶቡስ ቲኬት) እስከ ኩፍሽታይን ጣቢያ መሄድ ይቻላል። ከከተማው ጫፍ ወደ ካይዘርታል ሸለቆ የሚያወጣው ረጅም ደረጃ ይጀምራል። እሱ ትንሽ ያስተነፍሳል፣ አትደንግጡ። ከዚያ በጫካ ውስጥ እየተጠማዘዛችሁ ሪትሳው አልም ትደርሳላችሁ። ትንፋሽ መሰብሰቢያችሁ እዚያ ነው። በአንድ መንገድ ሁለቱንም ዓይነት ቤት ታያላችሁ ማለት ነው። ማረፊያው ደጃፍ ስትደርሱ የኢን ወንዝ ሸለቆ ከእግራችሁ ሥር ነው፣ ፊት ለፊታችሁ ደግሞ የቪልደር ካይዘር ተራሮች እንደ ድንጋይ ግንብ ተገትረዋል።

ደረጃ 2፦ ወረቀታችሁን አስቡበት

ይሄን ፈረንጆቹ በሚጽፉት መመሪያ ላይ አታገኙትም፣ ለኛ ግን ትልቅ ነገር ነው። ኩፍሽታይን ኦስትሪያ ውስጥ ነው። ወደ ጀርመን ስትመለሱ ባቡር ላይ ፖሊስ ሊፈትሽ ይችላል። ፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃዳችሁን ዋናውን ያዙ፣ የስልክ ፎቶ አይበቃም። የጥገኝነት ጉዳያችሁ ገና በሂደት ላይ ከሆነ ድንበር አትሻገሩ። ጉዳያችሁን ለአንድ ሳህን ሾርባ አደጋ ላይ አትጣሉት። የባቫሪያው ወገን ብቻውን ይበቃል። ለምሳሌ ከሙኒክ ቤነዲክትቦየርን ጣቢያ በባቡር ሄዳችሁ በእግር ወደ ቱትሲንገር ሂተ መውጣት ትችላላችሁ። 1,327 ሜትር ላይ፣ በቤነዲክተንቫንድ ገደል ሥር ያለ ቤት ነው። ከከተማችሁ መውጣት የማይፈቀድላችሁ ከሆነ ግን መጀመሪያ አማካሪያችሁን ጠይቁ።

ደረጃ 3፦ ቦታ ያዙ፣ ካልመጣችሁ ደግሞ ደውሉ

ለምሳ ብቻ ከሆነ ማስያዝ አያስፈልግም። ለማደር ግን ያስፈልጋል። የጁላይና የኦገስት ቅዳሜዎች ከወራት በፊት ያልቃሉ። ብዙ የክለብ ቤቶች በኦንላይን ያስይዛሉ፣ አንዳንዶቹ በስልክ ብቻ።

ስታስይዙ ሁለት ነገር ትጠየቃላችሁ። አንደኛው መኝታው ነው። ላገር የሚባለው ፍራሽ በተርታ የተነጠፈበት የጋራ ክፍል ሲሆን ርካሹ እሱ ነው። ከፍ ያለው ደግሞ ለሁለት፣ ለአራት ወይም ለስድስት ሰው የሚሆን ክፍል ነው። ላገር ውስጥ ወንድና ሴት ጎን ለጎን ነው የሚተኛው። ሁሉም ልብሱን እንደለበሰ ይተኛል፣ ነውር የሚያስብ የለም። ካልተመቻችሁ ግን አትጨነቁ፣ አነስተኛ ክፍሉን ቀደም ብላችሁ ያዙ። እህቶች ሰብሰብ ብላችሁ ባለ አራት ክፍል ብትይዙ ጥሩ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ እራትና ቁርስ ይጨመር ወይ የሚል ነው። ይጨመር በሉ። አንድ በአንድ ከማዘዝ አብዛኛውን ጊዜ ይቀላል። የማትበሉትንም ያኔውኑ ጻፉ። እዚያ ደርሶ መናገር ወጥ ቤቱን ያስቸግራል።

በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ለማደር ካሰባችሁ የክለቡ አባል ሁኑ። አባል ላገር ውስጥ ሲያድር ዋጋ ይቀነስለታል። ከዚያ የሚበልጠው ጥቅም ግን መድኑ ነው። ኦስትሪያ ውስጥ ለመዝናናት ወጥቶ ተራራ ላይ የተጎዳ ሰው የሄሊኮፕተሩን ሂሳብ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ነው የሚከፍለው። ሂሳቡም በሺዎች ዩሮ ነው። የአባልነቱ መድን ይሄን የማዳን ወጪ ይሸፍናል።

የያዛችሁትን ቦታ ከተዋችሁት ደግሞ አደራ ደውሉ። ቤቱ ገንዘብ ስለሚከስር ብቻ አይደለም። ይመጣል የተባለ እንግዳ ሲጠፋ መንገድ ላይ ወድቆ እንዳይሆን ይሰጋሉ። በጨለማ ፈላጊ ሊላክ ይችላል።

ደረጃ 4፦ ቦርሳችሁን አቅሉ

ስሜን ተራሮችን የተጓዘ ሰው ድንኳኑን፣ ምግቡንና በቅሎውን ያስባል። እዚህ አልጋውም ምግቡም ላይ ስላለ ቦርሳችሁ ከ7 ወይም 8 ኪሎ ባይበልጥ ይመረጣል። ሶሉ ጥርስ ያለው፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጫማ ግን የግድ ነው። ለስላሳ ሶል ያለው ስኒከር እርጥብ ሥር ላይ ያንሸራትታል። የዝናብ ጃኬት፣ ሹራብ፣ ኮፍያ፣ ቅያሪ ካልሲ፣ ሊትር ተኩል ውሃ፣ የግንባር ባትሪ፣ ፓወር ባንክ፣ የጆሮ መድፈኛ ያዙ። የጆሮ መድፈኛውን እንዳትረሱ፣ ላገር ውስጥ ሁልጊዜ አንድ የሚያንኮራፋ አይጠፋም።

አልጋው ላይ ብርድ ልብስና ትራስ አለ፣ አንሶላ ግን የለም። በሱ ፈንታ እንደ ከረጢት የተሰፋ ስስ የጥጥ ወይም የሐር አንሶላ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ሂተንሽላፍዛክ ይባላል። ግዴታ ነው። ከሌላችሁ ቤቱ ይሸጥላችኋል፣ በተራራ ዋጋ ነው እንጂ።

ጥሬ ገንዘብ ያዙ። ካርድ የማይቀበሉ ቤቶች አሉ፣ ኔትወርክም ይጠፋል። ለአንድ ሌሊት ለአንድ ሰው 100 ዩሮ ብትይዙ አትጨናነቁም። ስዊዘርላንድ ከሆነ ጨመር አድርጉ፣ በፍራንክ።

ደረጃ 5፦ ሰዓቱን አስሉና በጊዜ ውጡ

ካርታ ላይ ኪሎ ሜትሩን ብቻ አይታችሁ አትወስኑ። ሽቅቡ ነው ሰዓት የሚበላው። ስሌቱ ቀላል ነው። በአንድ ሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ሜዳ፣ 300 ሜትር ሽቅብ ወይም 500 ሜትር ቁልቁል ይኬዳል ተብሎ ይታሰባል። የርዝመቱንና የከፍታውን ሰዓት ለየብቻ አውጡ። ትልቁን እንዳለ ውሰዱ፣ ከትንሹ ግማሹን ደምሩበት። ለምሳሌ መንገዱ 6 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 900 ሜትር ሽቅብ ቢኖረው፣ ሽቅቡ 3 ሰዓት፣ ርዝመቱ አንድ ሰዓት ተኩል ይሆናል። ድምሩ 3 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነው። የምታርፉበት ሲጨመር አምስት ሰዓት ያዙለት።

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች «እኔ የደጋ ልጅ ነኝ» ብሎ የሚሮጥ አለ። ዓመታት ቆላ ላይ የኖረ ሰውነት ያንን ይረሳዋል። ወሬ እያወራችሁ መሄድ በምትችሉበት ፍጥነት ሂዱ።

በጋ ላይ ከሰዓት በኋላ መብረቅ ይመጣል። ስለዚህ ጠዋት ውጡ፣ ማደሪያችሁ ከቀኑ 10 ሰዓት (16:00) በፊት ግቡ። በኦስትሪያና በባቫሪያ ምልክት ላይ ሰማያዊ ክብ ቀላል መንገድ ነው፣ ቀይ መካከለኛ፣ ጥቁር ከባድ። ጀማሪ ጥቁሩን ይተወው። ስዊዘርላንድ ውስጥ ቀለሙ ይለያል። ቢጫው ቀላል ነው፣ ነጭ-ቀይ-ነጩ የተራራ መንገድ ነው፣ ነጭ-ሰማያዊ-ነጩ ልምድ ላለው ሰው ብቻ ነው።

መንገድ ላይ የምታገኙትን ሁሉ ሰላም በሉ። ከተማ ውስጥ ዝም ብሎ የሚያልፋችሁ ጀርመናዊ እዚህ «ግሩስ ጎት» ወይም «ሰርቩስ» ይላችኋል፣ አንቱታውም ይቀርና «ዱ» ይሆናል። የግጦሽ በር ከከፈታችሁ መልሳችሁ ዝጉ። ላም ታውቃላችሁ፣ ጥጃ ያላትን ግን ሰፋ አድርጋችሁ እለፏት። ውሻ ይዛችሁ ከሆነ የበለጠ ተጠንቀቁ፣ ብትመጣባችሁ ውሻውን ልቀቁት።

የአደጋ ጊዜ ስልኮቹ እነዚህ ናቸው፦ ኦስትሪያ 140፣ ስዊዘርላንድ 1414፣ ጀርመንና የትም ቦታ 112። ስልክ ካልሠራ በባትሪ ወይም በፉጨት በአንድ ደቂቃ ውስጥ 6 ጊዜ ምልክት ስጡ። አንድ ደቂቃ ቆዩና ድገሙት። 3 ጊዜ ምልክት ከተመለሰላችሁ ተሰምታችኋል።

ደረጃ 6፦ ምን ይበላል? ጿሚስ?

ምግቡ ለገበሬና ለእንጨት ቆራጭ የተሠራ ነው። ያጠግባል። የመጀመሪያ ቀናችሁ ከሆነ ካይዘርሽማርን እዘዙ። ወፍራም የእንቁላል ቂጣ ነው። መጥበሻው ላይ እየበሰለ በሹካ ይቦጫጨቅና ጫፍ ጫፉ በቅቤና በስኳር እስኪቀላ ይጠበሳል። ብዙ ቤት ከነመጥበሻው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡታል፣ የዱቄት ስኳሩ ገና እየቀለጠ። ጎኑ የፖም ወይም የፕሪም ማባያ ይኖራል። አንዱ ሳህን ለሁለት ይበቃል። አልኮል የማትነኩ ከሆነ ዘቢቡ ሩም የነካው እንዳይሆን ጠይቁ።

ካስፕረስክኖድል ከዳቦና ከአይብ ተጠፍጥፎ የተጠበሰ ነው፣ በሾርባ ውስጥ ይቀርባል። ከሽቅብ በኋላ እንደሱ ሰውነት የሚጠግን የለም። ካዝሽፔትስለ አይብ የቀለጠበት ፓስታ ነገር ሲሆን ላዩ ላይ ቀይ እስኪሆን የተጠበሰ ሽንኩርት ይነሰነስበታል። ብሬትልያውዘ ደግሞ በእንጨት ጣውላ ላይ የሚመጣ ቀዝቃዛ ምግብ ነው። አይብ፣ ዳቦ፣ ኮምጣጤ የገባ ኪያር፣ እና ሽፔክ።

ሽፔክ የተጨሰ የአሳማ ሥጋ ነው። ይሄን ስም በቃላችሁ ያዙት፣ ባላሰባችሁት ቦታ ይገባል። ድንች ጥብሱ ግሮስትል ውስጥ አለ፣ ምስር ሾርባ ውስጥ ብዙ ጊዜ አለ፣ ክኖድል ውስጥም አለ። «ኦነ ሽፔክ» ማለት ያለ ሽፔክ ማለት ነው። ሐላል ሥጋ ተራራ ላይ ስለማይገኝ ሙስሊም ወገኖቼ በአይብ፣ በእንቁላልና በአትክልት ላይ ብትቆዩ ይሻላል።

ጾም ላይ ትንሽ ልቆይ። የሐዋርያት ጾም እስከ ሐምሌ 4 ይዘልቃል። ፍልሰታ ደግሞ ከኦገስት 7 እስከ 21 ነው፣ የተራራው ዋና ወቅት። ረቡዕና ዓርብም አለ። ችግሩ ሥጋ የሌለው የተባለው ምግብ ሁሉ እዚህ በወተት፣ በቅቤና በእንቁላል የተሞላ መሆኑ ነው። የአትክልት ሾርባው እንኳ በሥጋ መረቅ ሊሠራ ይችላል። «ፌጋን» ስትሉ ይገባቸዋል። እርግጠኛ ለመሆን «ኦነ ፍላይሽ፣ ኦነ ሚልሽ፣ ኦነ አይ» በሉ፣ ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተት፣ ያለ እንቁላል ማለት ነው። ቀድመው ከተነገራቸው ብዙዎቹ ድንች፣ ምስር ወይም ፓስታ በቲማቲም ይሠሩላችኋል።

ለማንኛውም ስንቅ ያዙ። በሶን የሚያህል የተራራ ስንቅ አላውቅም። አይበላሽም፣ አይከብድም፣ ውሃ ብቻ ነው የሚፈልገው። ቆሎና ዳቦ ቆሎም ጥሩ ነው። እስከ 9 ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ ግን ያለ ውሃ ሽቅብ አትውጡ። ቀኑን ቀይሩት።

የራሳችሁን ስንቅ በቤቱ ጠረጴዛ ላይ ከመዘርጋታችሁ በፊት ጠይቁ። ቤቱ የሚኖረው በሚሸጠው ምግብ ነው። ካልተፈቀደ ራቅ ብሎ ሣሩ ላይ መቀመጥ ነው። ጀበና ይዤ ልውጣ ለሚል፦ ክፍል ውስጥ ምድጃ፣ ከሰልም ሆነ ዕጣን ማቀጣጠል ክልክል ነው። ቤቱ እንጨት ነው፣ እሳት ቢነሳ ማጥፊያ ውሃ የለም። ብዙ ቤት የፈላ ውሃ ይሸጣል። የሻይ ቅጠሉን ከያዛችሁ በቂ ነው።

ደረጃ 7፦ ሌሊቱ

በር ላይ ጫማችሁን አውልቁ። የጫማ ክፍል አለ፣ ከዚያ ወዲያ በካልሲ ወይም በነጠላ ጫማ ነው። ቀጥሎ ወደ ባንኮኒው ሄዳችሁ መምጣታችሁን አስመዝግቡ። መዝገብ ይሰጣችኋል። ስማችሁን፣ ከየት እንደመጣችሁና ነገ ወዴት እንደምትሄዱ ጻፉበት። ብትጠፉ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው።

አንዳንድ ቤት ቦርሳችሁን ክፍል አታስገቡ ይሏችኋል። የአንሶላ ከረጢታችሁንም ተቀብለው ማይክሮዌቭ ውስጥ ያስገቡታል። እናንተን ጠርጥረው አይደለም፣ ከቤት ወደ ቤት የሚዛመተውን ትኋን ለመግደል ነው።

እራት ብዙ ጊዜ ምሽት 12 ሰዓት ወይም 12 ተኩል (18:00–18:30) ላይ ለሁሉም በአንዴ ይቀርባል። ጠረጴዛው የጋራ ነው። ከማታውቁት ሰው ጋር ትቀመጣላችሁ፣ ወሬ ጀምሩ። የነገውን መንገድ ትናንት የሄደበት ሰው እዚያው አጠገባችሁ አለ። ስለ አየሩ ግን የቤቱን ኃላፊ ጠይቁ። ያንን ሰማይ በጋውን ሙሉ የሚያየው እሱ ስለሆነ ከስልካችሁ ይልቅ እሱን ስሙት።

ከምሽቱ 4 ሰዓት (22:00) ጀምሮ ጸጥታ ነው። መብራት ይጠፋል፣ አዳራሹም ይዘጋል። የጠዋት ልብሳችሁንና ባትሪያችሁን ከመተኛታችሁ በፊት አዘጋጁ። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ፌስታል ማንኮሻኮሽ ሃያ ሰው ይቀሰቅሳል።

ሳታስይዙ መሽቶባችሁ ብትደርሱስ? መውረድ የማይችልን ሰው ወደ ጨለማ አይመልሱም። አዳራሹ ወለል ላይም ቢሆን ያስተኟችኋል። ይሄ ለክፉ ቀን የቆመ ደግነት ነው፣ አስባችሁበት አትጠቀሙበት።

ደረጃ 8፦ ጠዋትና ቁልቁለቱ

ሂሳባችሁን ማታውኑ ዝጉ፣ ጠዋት ሰልፍ ነው። ብርድ ልብሱን አጥፉ፣ ቆሻሻችሁን ሰብስቡ። የምትይዙትን የውሃ ጠርሙስ ሙሉ፣ የቧንቧው ውሃ አይጠጣም የሚል ጽሑፍ ካለ ግን ከወጥ ቤት ግዙ።

ሲወርዱ ነው ጉልበት የሚጎዳው፣ አደጋም የሚበዛው። ምርኩዝ ሁለት ይኑራችሁ፣ እርምጃችሁን አሳጥሩ። የመጨረሻውን ባቡር ወይም አውቶቡስ ሰዓት ከቤት ሳትወጡ ጽፋችሁ ያዙ። ከሸለቆ የሚነሳ አውቶቡስ በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ይሄኛው ከተሳካላችሁ ቀጣዩ በርሊነር ሂተ ይሁን። በሲለርታል ሸለቆ ራስ ላይ፣ 2,042 ሜትር ከፍታ አለው። በ1879 ተከፈተ፣ ዛሬ በሕግ የተጠበቀ ቅርስ ነው። የመመገቢያ አዳራሹ ጣሪያ ከፍ ያለና በእንጨት የተለበጠ ነው። ሸለቆው ውስጥ ብራይትላህነር ከሚባል ቦታ ሦስት ሰዓት ገደማ የሚያስኬድ መንገድ አለው። ለኦገስት ቅዳሜ ከፈለጋችሁት በአውሮፓው የብርድ ወቅት፣ ገና በረዶ ሳለ አስይዙ።